እኔና አንጓች በገዛ ቤታችን

ጥቅምት 8፣ ጠዋት

ሸሚዝ እየቆለፍኩ ነው። በግራ እጅ። ሁለተኛው ቁልፍ ገባ፣ ሦስተኛው እምቢ። ዕድሜዬን ሙሉ ለእንጅባራ ሰው ኮትና ሱሪ ስሰፋ ኖሬ፣ ዛሬ የራሴን ቁልፍ ፈራሁት። ስትሮኩ ቀኝ እጄን ወስዶ እግሬን ካደከመ ወዲህ አንተንም በግራ ነው የምጽፍህ፣ ማስታወሻዬ። የዶሮ ጭረት ነው። ቻለው።

ባለቤቴ አንጓች ከሰል ማንደጃው ዘንድ ቆማለች። ክብሪት ይዛለች። ለምን እንደያዘችው ጠፍቷታል። የመርሳት በሽታ ነው ብለውናል ሆስፒታል።

ልጃችን ስማቸው ከባሕር ዳር ደወለ። እናቱ እሱ ዘንድ ትሂድ፣ እኔ ዳንግላ እህቴ ቤት፣ ቤቱ ይከራይ አለ። ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። አልተቆራረጠም።

ጥቅምት 11፣ ከሰዓት

ከሆስፒታል አንዲት ባለሙያ መጣች። ቤዛ ትባላለች። መርፌ የላት፣ ኪኒን የላት። ሥራዋ ሕመም ያደከመውን ሰው በቤቱ መልበስ፣ መታጠብ፣ ማብሰል መልሶ ማለማመድ ነው። ሸሚዝ አለባበስ ልታስተምረኝ! ለእኔ! ፊቴን አዞርኩባት። አልተቀየመችም። የሞተውን እጅ አስቀድሞ እጅጌው ውስጥ ማስገባት፣ ደህናውን ማስከተል። ሞከርኩ። ገባ። ይበልጥ ተናደድኩ።

ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው መንገድ የቀርከሃ መደገፊያ ይተከል አለች። አልጋውን ወደ በሩ አስጠጋችው። ከዚያ አንጓችን ስታያት ቆየች። ያለችው ይኸውልህ፦

«ጋሼ፣ እርስዎ ሥራውን ያውቁታል፣ እማማ ደግሞ እጅ አላቸው። እርስዎ ይንገሯቸው፣ እሳቸው ይሥሩ። ግን አንድ ነገር ብቻ። እሱ ሲያልቅ ሌላውን።»

ጥቅምት 17፣ ምሳ ሰዓት

ድንች ቀቀልን! እኔ በርጩማ ላይ፣ እሷ ማንደጃው ዘንድ። ውሃ ጨምሪ፣ ጨመረች። ክደኚው፣ ከደነችው። ጨው አድርጊ አልኳት። አደረገች። ዞር ብዬ ስመለስ ደግማ አድርጋለች። እንደዚያው በላነው። ሳቀች፣ የድሮ ሳቋን። ስንጨርስ ማንም ሳያዛት መጥታ ሸሚዜን ቆለፈችልኝ።

ኅዳር 2

ደህና ሰንብተናል። መደገፊያው ተተክሏል። ስማቸው መጥቶ ስናበስል አየ። እስከ ገና እንይ ብሎ ተመለሰ። ደስታዬን አላሳየሁትም።

ኅዳር 15፣ ማታ

ከምሳ በኋላ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ በሩ ወለል ብሏል። አንጓች የለችም።

ጎረቤት ሊፈልጋት ወጣ። እኔ? ደጃፍ ላይ ተቀምጬ መጮህ ብቻ። እግሬ የት ያደርሰኛል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ባጃጅ ይዟት መጣ። ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ፣ ወደተወለደችበት አገር፣ በባዶ እግሯ ስትሄድ አግኝቷት። የት ልትሄጂ ነበር አልኳት። በአዊኛ፣ በልጅነት ቋንቋዋ፣ መለሰችልኝ። እኔ ከሰላምታና ከገበያ ቃል በቀር አዊኛ አላውቅም። አንጓች ለእኔ በአዊኛ ተናግራ አታውቅም።

ኅዳር 19

አማርኛው እየሄደ ነው። ውሃ ጨምሪ ስላት አፍ አፌን ታያለች። ደገምኩት። ጮህኩ። መጮህ አልነበረብኝም። ደንግጣ ድስቱን ገፋችው፣ የፈላው ውሃ እግሯ ላይ ፈሰሰ። ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ኅዳር 21

ቤዛ ቁስሉን አየች። አንጓችን በአማርኛ አናገረቻት፣ አልገባትም። ቤዛም አዊኛ አታውቅም። አቀርቅራ ተቀመጠች። ልጅቱ አሳዘነችኝ። ከዚያ ጎረቤታችንን ወ/ሮ ጥሩዬን አስጠራች፤ አዊኛ የአፍ መፍቻዋ ነው። ጥሩዬ አንዲት ቃል ተናገረች። አንጓች ተነሣች። ማሰሮውን አንሥታ በኩባያ ውሃ ቀዳች። ለእኔ ሰጠችኝ።

ኩባያውን ይዤ አለቀስኩ። ሰው ፊት።

ኅዳር 26፣ ጠዋት

ጥሩዬን አስተምሪኝ አልኳት። «በዚህ ዕድሜዎ፣ ጋሼ?» ብላ ሳቀች። ግን ጠዋት ጠዋት ትመጣለች። ቃሉ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው፣ በስትሮኩ የጠመመ አፌ ያበላሸዋል። ትናንት «ክደኚው» የሚለውን ስሞክር አንጓች ዞር ብላ አየችኝ። እንደ እንግዳ ሰው። ግን ከደነችው።

ቤዛን እውነቱን ንገሪኝ አልኳት። ነገረችኝ። ይኼም ቋንቋ አንድ ቀን ይሄዳል። ያኔ የሚቀረው እጇን ይዞ ማሳየት ነው፤ እሱም ያልቃል። ከዚያ ወዲያ በቤት ብቻችንን አንችልም። አልሸነገለችኝም። ጥሩ አደረገች።

ኅዳር 28

ባጃጁንም፣ ቃጠሎውንም ስማቸው ሰምቷል። ገናን አይጠብቅም። ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል።

አልቆጣውም። እናቱ ናት። ሲመጣ እንዲህ እለዋለሁ፦ እናትህ ቃል የምትሰማኝ እስከሆነ ድረስ ከዚህ ቤት አትወጣም። በሩ ላይ መቀርቀሪያ ይግባ፣ ጥሩዬ ከሰዓትም ትምጣ። ምንም የማትሰማኝ ቀን ሲመጣ ራሴ እደውልልሃለሁ፣ ያን ቀን ሁለታችንንም ውሰደን። ለያይተህ ግን አይሆንም። ዳንግላ አልሄድም።