በእኔ ቀልድ የተጻፈብህ መጽሐፍ

ማዳቫን ሆዴ፣

በሞት ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። አንተ በሄድክ በወሩ ደርግ ወደቀ። አዲስ አበባ ሒሳብ ስታስተምር ያገባኸኝ ሴትዮ ይኸው እዚህ በሰው አገር፣ ሰንሻይን ዌስት በሚሉት ሰፈር ብቻዬን ልጅ አስተምራለሁ፤ ልጃችን ሚና ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ተከድተናል፣ የእኔም እጅ አለበት።

ስለ ሂንዱ እምነት የሚያስተምረውን ፕሮፌሰር አትረሳውም። አንድ ክረምት ሙሉ በየቅዳሜው ማለዳ እየመጣ፣ ሕፃኑን አምላክህን፣ የክሪሽናን ምስል፣ ስትቀሰቅስ፣ ስታጥብና ስታለብስ ቁጭ ብሎ ይመለከት ነበር። ለቅርብ ወዳጅ እንኳ የማትከፍተውን የጸሎት ክፍል ከፈትክለት። እኔም እንግዳ ነው ብዬ በእጄ አጎረስኩት። አንድ ቀን ለምን እንዲህ ማልደህ እንደምትነሳ ሲጠይቀኝ፣ አባቱ አርጩሜ ይዞ በሕልሙ እየመጣበት ነው አልኩት። ከሁላችን በላይ የሳቅከው አንተ ነበርክ። እሱ ግን ጻፈው።

አሁን መጽሐፉ ወጥቷል፤ ሚናም ለትምህርቷ እንድታነበው ታዘዘች። በውስጡ ስም የለህም፤ «መረጃ ሰጪው» ነህ። ጸሎትህ አባትን ከመፍራት የመጣ ነው ይላል፤ ማስረጃው ደግሞ የእኔው ቀልድ ነው። አምላክን እንደ ልጅ የምናሳድገው ሳንፈራው እንድንወደው ነው ብለህ የነገርከው አንድ መስመር እንኳ አላገኘም። እኔ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስስም እንጨት አመለከች ብሎ የጻፈብኝ የለም። የአንተ ሲሆን ግን እንደ በሽታ ይመረመራል። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ።

ደወልኩለት። ቀልድ እንደነበር፣ አባትህም ሳትወለድ መሞታቸውን ነገርኩት። በትሕትና ሰማኝና፣ ያላዩት አባት ደግሞ የባሰ ያስፈራል አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

የሚያንገበግበኝ ሚና አምናው መቅረቷ ነው። ድሮ የሕፃኑን ልብስ የምትመርጥልህ እሷ ነበረች፤ ቢጫው ይሻላል፣ የለም ሰማያዊው እያለች ታስቸግርህ ነበር። አሁን በዚያ ክፍል በር ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። በአማርኛ ስለምናት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እሱ አጥንቶ ነው፣ አንቺ ግን ስለምትወጂው ነው ትለኛለች። ስለምወድህማ ነው የማውቅህ!

ሐሙስ ክፍላቸው ድረስ እሄዳለሁ። እንዳላሳፍራት ለምናኛለች፤ ትፈር። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሚስት እኔ ነኝ፣ ቀልዱም የእኔ ነው እላቸዋለሁ። ቢስቁብኝም እስክጨርስ አልቀመጥም።

አንተን ግን ሌላ ሰው በጻፈው አላስታውስህም፤ በዓይኔ ባየሁት ነው። በዚያ ሁሉ ብርድ፣ ቀዝቃዛ ጣትህ ሕፃኑን እንዳያስደነግጠው፣ ከመንካትህ በፊት እጅህን በሻይ ብርጭቆ ታሞቅ ነበር።

ያንተዋ አስናቀች