ሁለተኛ አልለመነኝም

ኦሽን ሲቲ፣ ኦገስት 1985

ወንድሜ ይገዙ፣

የዚህ ፖስት ካርድ ፎቶ ላይ ያለው ባሕር ጸጥ ያለ ነው፤ እንዳታምነው። ትናንት ነፋሱ ሰው አያስቆምም ነበር። ሱፐርቫይዘሬ ቶም፣ ካታማራን የሚሏትን፣ ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን የተጋጠሙ የምትመስለውን የሸራ ጀልባውን ውድድር አስገብቶ፣ ምጽዋ ባሕር ኃይል እንደነበርኩ ስለሚያውቅ ከምንሠራበት ከአሌክሳንድሪያ ይዞኝ መጣ። ዳርቻውን ይዘን ስንበር ውሃው ፊታችንን ይገርፈን ነበር። ከፊታችን አንዲት ጀልባ ብቻ ስትቀር ቶም ዞሮ «መሪውን ትይዛለህ?» አለኝ።

እኔና አንተ አንድ መርከብ ላይ አብረን የኖርን ነን፤ መሪ መያዝን ስንት ዓመት እንደተመኘሁት ታውቃለህ። እኔ ግን ወግ አይቀርም ብዬ «ኖ፣ ኖ፣ አንተው ያዘው» አልኩት። ሁለተኛ እስኪለምነኝ እጄን በሱሪዬ እያደራረቅኩ ጠበቅኩ። አንተ ብትሆን «በሞቴ!» ብለህ ጎትተህ ታስይዘኝ ነበር። እሱ «ኦኬ» ብሎ፣ ጠዋቱን ሙሉ ሲያስመልሰው ለዋለው አማቹ ሰጠው። ወዲያው ሁለት ጀልባዎች ጥለውን አለፉ።

ወደብ ስንደርስ ቶም ትከሻዬን መታ አድርጎ «ባሕር የምትወድ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ሳቅኩ።

ካርዱ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ። እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ ስመጣ ባለቤትህ አሰፋሽ «ብላ» ስትለኝ ገና በአንደኛው እጄን እሰዳለሁ፤ ነውር ነው እንዳትለኝ ንገራት። ከእንግዲህ እስክለመን ብዬ የምተወው ነገር የለኝም።

እንዳልካቸው