የአልዓዛር ቅዳሜ በእኛ ደጅ

ሰሞነ ሕማማት፣ ማክሰኞ

ለእህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ አሁንም ያሰቃይሻል ወይስ የጣሊያን ሙቀት ለቀቅ አደረገሽ? የምትጦሪያቸው አሮጊት እንዴት ናቸው? መድኃኒታቸውን ሳያስቸግሩ ይውጣሉ? እኛም ሁላችን ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፣ ታውቂኛለሽ። አባባ አርፈዋል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሳይጨነቁ፣ እጄን እንደያዙ አለፉ። እሑድ ከእማማ ጎን ቀበርናቸው። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ቁጭ በይና አልቅሺ፣ ከዚያ ቀሪውን አንብቢ፤ የምነግርሽ ገና አላለቀም።

በስልክ ያላረዳሁሽ ስልክሽ ስለማይሠራ ነው። ከገና ወዲህ በደወልኩ ቁጥር አንዲት ሴትዮ በጣሊያንኛ የሆነ ነገር ትለኛለች። እህቴን አቅርቢልኝ ብላትም ያንኑ ነው የምትደግመው። ይህን አድራሻ ያገኘሁት የካሊና ጫማ ከመጣበት ካርቶን ላይ ነው። ጫማው ደርሷል፣ እጅሽ ይባረክ። ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ግን አልገባትም። ልጅሽ አሥራ አምስት ዓመቷ እኮ ነው፤ እግሯ ከእኔ በልጧል። እሷ ግን መልሱት አላለችም። ተረከዙን ረግጣ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ስትጎተት ዋለች። ከጫማው ጋር የላክሽውን ብጣሽ ወረቀት ደግሞ ደረቷ ኪስ ከተተችው፦ ለአልዓዛር ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አበባ ደፍተሽ ልጃገረዶቹን ደጅ ለደጅ እያዘመርሽ ከፊት ስትመሪ አያለሁ ብለሽ የጻፍሽውን።

ካሊና ከትምህርት በኋላ በምትውልበት በመንደሩ ንባብ ቤት ላይ ያለሽን ቅሬታ አልረሳሁም። አምና በስልክ ጮኽሽብኝ። ልጄ እናት አላት፣ ምን ሆና ነው ወላጅ ከሌላቸው ጋር ለሾርባ የምትሰለፈው አልሽ። ዘፈን ምን ያበላታል፣ ይልቅ ጣሊያንኛ ትማር አልሽና ዘጋሽው። ያን ቀን ልመልስልሽ የነበረውን ዛሬ ስሚኝ፤ ወረቀት አይዘጋም።

አንቺ ስትሄጂ ካሊና አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከሄድሽ በኋላ መናገር አቆመች። ይህን ያኔ አልነገርኩሽም፤ በሰው አገር ልብሽን ላለመስበር ነው። ከትምህርት ቤት ትመጣና ያንቺን አሮጌ ካፖርት ደርባ ወጥ ቤት ጥግ ትቀመጣለች። ብትጠሪያት ዓይኗን ታነሳለች እንጂ አፏን አትከፍትም። እኔ እስከ ማታ ዳቦ ቤት ነኝ፣ አባባ ከአልጋ አይወርዱም፤ ማን ያጫውታት? የንባብ ቤቱን ልጆች የሚያዘምሩት እትዬ ስላቭካ ናቸው አንድ ቀን በራችን ላይ ቆመው ልጅቷን ነገ ይዘሻት ነይ ያሉኝ። ሐኪም ነው የሚያስፈልጋት እንጂ መዘምራን አይደለም አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ እኔ ድንች የሚልጥ ሰው ነው ያጣሁት፣ ማን መዘምራን አለሽ አሉኝ።

የድሮው ንባብ ቤት እንዳይመስልሽ፣ እነ አባባ ጋዜጣ የሚያነቡበትና ለገና ቲያትር የሚያሳዩበት። አሁን የልጆች ነው። ወላጆቻቸው ስፔን፣ ጀርመን፣ ጣሊያን የሄዱባቸው ሁሉ ከትምህርት በኋላ እዚያ ናቸው። የሚያስተዳድረው ማኅበር የመንደሩ ሰው ነው፤ ጣሪያውን የሚጠግነው ጋሽ ጋንቾ ነው፣ እንጨቱን የሚፈልጠውም እሱ ነው፣ ሲያማርርም የሚውለው እሱ ነው። ልጆቹ ይበላሉ፣ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያስጠናሉ። ለካሊና መጀመሪያ ድንች ሰጧት። ንግግር አልጠየቋትም። ድንቹን ስትጨርስ የትንንሾቹን ሴቶች ፀጉር ጉንጉን እንድትሠራ አደረጓት። ፀጉር ስትሠሪ እኮ ዝም ብትዪ እንኳ የምትሠሪያት ዝም አትልም። አንዷ ሚጢጢ ጭንቅላቷን አላረጋ ብላ ስትወራጭ ልጅሽ ተናዳ፣ ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ ብላ ጮኸችባት። ክረምቱን ሙሉ ዝም ብላ ከርማ የወጣት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። እትዬ ስላቭካ ሊነግሩኝ በዚያ ጉልበታቸው ዳቦ ቤት ድረስ ሮጠው መጡ። ዱቄት በዱቄት ሆነን ተቃቅፈን አለቀስን።

ከዚያ በኋላ ያስቆማት የለም። የአልዓዛርን ዜማ ከእትዬ ስላቭካ አንድ በአንድ ወሰደችው፤ ለሙሽራ የሚዜመውን፣ ለሕፃን የሚዜመውን፣ ለሽማግሌ የሚዜመውን። ለትንንሾቹ የምታስተምረው እሷ ሆነች። እናታቸው ናፍቃቸው ጥግ ይዘው የሚቀመጡትን ከሩቅ ትለያቸዋለች፤ ማንም ሳያዛት ሄዳ ድንች ታሸክማቸዋለች። ዘንድሮ ለአልዓዛር ከፊት እንድትመራ የተመረጠችው በዚህ ነው። ከአሁን በኋላ ካሊና የማናት ሲባል የዚያች ጥላት የሄደች ሴት ልጅ አይሉም፣ የዘንድሮዋ መሪ ይላሉ። ይህ ለሷ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አላስረዳም፤ አንቺም መርተሻል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ቅር እንዳይልሽ። የጋሽ ጋንቾ ልጅ ለጾሙ መግቢያ ከቦሎኛ መጥታ ነበር። እህትሽን መንገድ ላይ አየኋት፣ የሕፃን ጋሪ ትገፋለች፣ ብጠራት ዞር ሳትል አለፈች አለችኝ። እህቴ የምትጦረው አሮጊት ነው፣ ያንቺ ዓይን ደግሞ ድሮም ደካማ ነው ብዬ ነገሩን በሳቅ አለፍኩት። ካሊና ሳህን እያጠበች ነበር። አልዞረችም። ሳህኑን አለቅልቃ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። እኔም አልጠይቅሽም። ልትነግሪኝ ከፈለግሽ ጆሮ አለኝ።

አባባ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ምግብ አቁመው ነበር። ካሊና አጠገባቸው ቁጭ ብላ እስከ ቅዳሜ መሞት ክልክል ነው ትላቸዋለች። እሳቸውም ለሚጠይቃቸው ሁሉ፣ አለቃዬ ፈቃድ ከልክላኛለች ይሉ ነበር። ቀልድ ይምሰል እንጂ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሐዘን ያለበት ቤት ልጅ ለአልዓዛር አትወጣም። አበባ አትደፋም፣ ከሰው ደጅ አትደርስም። ዓመቱ ያልፋታል፤ በዓመቱ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከተማ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ መሪነቱ ለሌላ ይሰጣል።

ዓርብ ዕለት ካሊና አንቺን ልትቀበል አውቶቡስ ማቆሚያው ወርዳለች። ፀጉሯን ታጥባ፣ ያንን የማይገባ ጫማ አድርጋ፣ እያነከሰች። አባባ ያረፉት እሷ እዚያ ቆማ ሳለ ነው። ዓይናቸውን ከደንኩ። መሞታቸውን የሚናገረውን ወረቀት በራችን ላይ መለጠፍ ነበረብኝ፣ ጎረቤት መጥራት ነበረብኝ። መስኮቱን ሳይ ካሊና ብቻዋን ዳገቱን ትወጣለች፣ ጫማው በእጇ ነው። ያን ጊዜ በልቤ ዛሬ የእናቷን መምጣት አጥታለች፣ የነገውን መሪነት ደግሞ ከእጇ የምነጥቀው እኔ አይደለሁም አልኩ። የአባባን ክፍል ዘጋሁት። ስትገባ፣ ምናልባት አውቶቡስ አምልጧት ይሆናል አልኳት፤ አንቺን ማለቴ ነው። ምናልባት አለች። አባባስ ብላ ጠየቀችኝ። ተኝተዋል አልኳት። በሩን ትንሽ አየችው፣ ይተኙ አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች። አባታችንን ብቻዬን አጠብኳቸው፤ የውኃው ድምፅ እንዳይሰማ ጨርቅ እየነከርኩ። የመንደሩ ሴቶች እስከ ዛሬ በዚህ ይወቅሱኛል፣ እውነታቸውን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ልብሷን ለብሳ ወጣች፤ የእማማን ባለጥልፍ ቀሚስ፣ የአበባ አክሊሉን። ኮሪደሩ ላይ መጥታ መስተዋቱ ፊት ቆመች። አክሊሉን በእጇ እየዳሰሰች አስተካከለች፣ የጆሮ ጌጧን እየዳበሰች አደረገች። ከዚያ ዞራ ጉንጬን ሳመችኝና ሄደች። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ያየሁት። መስተዋቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። የሸፈንኩት እኔው ነኝ፤ ዓርብ ዕለት፣ ዓይናቸውን እንደከደንኩ፣ ሰው የሞተበት ቤት መስተዋት ይሸፈናልና እጄ ልማዱን አድርጎ። ከሰው ሁሉ ልደብቀው ስጠበብ ለሷ ገና ከበር ስትገባ ነግሬያታለሁ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

እየዞሩ ሲዘምሩ ድምፃቸው ከታች ሰፈር ይሰማኛል። ሲስቁ፣ እንቁላል ሲቀበሉ፣ ጋሽ ጋንቾ እኔስ ለሙሽራ የሚዜመው አይገባኝም ወይ እያለ ሲያስቸግራቸው። የእሷ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነው። አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም። የእኛን ቤት መጨረሻ አደረጉት። እንቁላሉን በቅርጫት ይዤ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ለእኛ ቤት የተዘጋጀው የሽማግሌው ዜማ ነው፣ ዕድሜዎ እንደ ዋርካ ይርዘም የሚለው። እትዬ ስላቭካም፣ ተከትሎ የመጣው ሰውም እሱን እየጠበቁ ነው። ልጆቹ እጅ ለእጅ ሊያያዙ ሲሉ ካሊና እጇን አወረደች። ከበሩ አልገባችም። ውጭ ቆማ፣ ሐዘን ካለበት ቤት ደጅ ብቻ የሚዜመውን ጀመረች። ታውቂዋለሽ፤ ከዚያ ቤት በሞት የተለዩት በየስማቸው የሚጠሩበትን።

ትንንሾቹ ደንግጠው እርስ በርስ ተያዩ። ብቻዋን ዘለቀችው። ከዚያ አንዷ ቀጥሎ ሌላዋ ተከተሏት፤ ራሷ ያስተማረቻቸው ናቸው። ጋሽ ጋንቾ ባርኔጣውን አወለቀ። የእትዬ ስላቭካ እጅ አፋቸው ላይ ቀረ። መንደሩ የአባታችንን ሞት የሰማው እንዲህ ነው፣ ከልጅ ልጃቸው አፍ፣ በዜማ። ስማቸውን ስትጠራ ድምፅዋ ሙሉ ነበር። ከዚያ ትንፋሽ ወሰደችና ሌላ ስም ጠራች። በዚህ ቤት ከእማማ ወዲህ የሞተ ሌላ የለም። የእማማ ስም አይደለም። ስሙን አልጽፈውም፣ አንቺው ታውቂዋለሽ፤ አንዴ መስማቴ ይበቃኛል። ቅርጫቱ ከእጄ ወደቀ።

አሮጊቶቹ ማጉረምረማቸው አልቀረም። ሐዘንተኛ ሆና የዞረችባቸው ቤቶች ምን ይውጣቸዋል አሉ። እትዬ ስላቭካ ተቆጡ። ልጅቱ በሞተ ሰው ደጅ ዕድሜዎ ይርዘም ብላ ልትዋሽ አልቻለችም፣ ከዚህ በላይ ልማድ ምን አለ አሏቸው። የካሊናን አክሊል አውልቀው ፀጉሯን በራሳቸው ሻሽ ሸፈኑላት።

ቀብሩን ልንገርሽ። አስከሬን የሚሸከም ወንድ መንደሩ ውስጥ አልነበረም፤ ያሉት እንደ ጋሽ ጋንቾ ጉልበታቸው ያለቀ ናቸው። የንባብ ቤቱ ትልልቅ ልጆች፣ ሴቱም ወንዱም፣ ማንም ሳይጠራቸው መጡና ሳጥኑን አነሱት። ካሊና ከፊት በቀኝ በኩል ያዘች። ትንንሾቹ በስኳር የታሸ የስንዴ ንፍሮ ለለቀስተኛው አደሉ፤ አንዱም አላፈሰሰ። ለአባታችን ልጅ ሆነው የቀበሯቸው እነሱ ናቸው። አንቺ እነዚህን ነው ወላጅ የሌላቸው ያልሻቸው። ተቆጥቼ አይደለም የምጽፈው። ብቆጣስ፣ እህትሽ አይደለሁ?

ከቀብሩ ወዲህ ካሊና ትበላለች፣ ትናገራለች፣ ከልጆቹ ጋር ናት። ስለ አንቺ ግን አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ትናንት ንባብ ቤት ልወስዳት ስሄድ ከእትዬ ስላቭካ ጋር ድንች እየላጡ ደረስኩባቸው፤ እኔ መኖሬን አላዩም። በዚያ ዜማ ስሙ የተጠራ ሰው በእግሩ ቢመጣ ምን ይደረጋል ብላ ጠየቀቻቸው። እትዬ ስላቭካ የማያውቁት ነገር የለም፤ የስንት ቤት ዜማ የያዙ ሴትዮ ናቸው። ቢላዋቸውን አስቀመጡ። አላውቅም ልጄ፣ እስከ ዛሬ የመጣ የለም አሏት።

ለአባባ አርባ ነይ። ብቻሽንም ሆነ ጋሪ እየገፋሽ፣ እንዴትም አድርገሽ ነይ፤ በሩን የምከፍትልሽ እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ካለሽበት ከክፉ ይሰውርሽ፣ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ለፋሲካው በሰላም ያድርስሽ። የአባታችንን ነፍስ በገነት ያኑርልን።

ታላቅ እህትሽ