ክፉውን ሰው ማን እንዳለማመደው ይታወቅልኝ

ለተከበሩ የተከታታይ ድራማው ድርሰት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም ቀይ እስክሪብቶ መያዝ የማይደክመውን እጅዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ እኔ በልብስ ማጠቢያ ቤት ካውያ ይዤ የምውል፣ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈ ሴት ብሆንም፣ በድራማዎ ላይ "ባለ ቁልፉ" የሚባለውን፣ ተመልካች ሁሉ የሚረግመውን ክፉ አከራይ የሚጫወተው ሰው ሚስት ነኝና፣ በጋዜጣ፣ በአደባባይ ላመሰግንዎ ብዕር አንስቻለሁ።

አንደኛ፤ የልጆቼን አባት ክፉ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ዝንብ እሽ ሲል ያላየሁት ሰው፣ በእርስዎ ችሎታ ይኸው አትክልት ሻጯ የበሰበሰውን ቲማቲም መርጣ "ለዚያ አረመኔ ውሰጂለት" እስክትለኝ ድረስ ተጠልቶልኛል። እኔም እንደ ሽልማት ቆጥሬ ቀቅዬ አብልቼዋለሁ።

ሁለተኛ፤ "ክፉ ሰው የሚወደው ሰው ከሌለው ተመልካች አያምነውም" ብለው ተዋንያኑን ማስተማርዎን ሰምቼ፣ እውነት ነው ብዬ ራሴን ነቅንቄያለሁ። በዚሁ ትምህርትዎም ለባለ ቁልፉ አንገቷ መቃ የሆነ ሚስት ፈጠሩለት። ብርቱካን ልጦ፣ ፍሬውን አውጥቶ፣ በእጇ ያኖርላታል፤ "ካንቺ በፊት ቤት አልነበረኝም" ይላታል። የሰው ዕቃ አውጥቶ መንገድ ላይ የበተነ ሰው! እኔ ግን እስከ ዛሬ ብርቱካን የምበላው ራሴ ልጬ ነው። ቅናት ነው የሚሉኝ አሉ፤ ጎረቤቴም፣ ታናሽ እህቴም። አዎን፣ ቅናት ነው! ሌላ ምን ይሁንልኝ ታዲያ?

ሦስተኛ፤ እስካለፈው ወር ድረስ ከሥራ ስመለስ ባሌ የድራማውን ወረቀት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይጠብቀኝ ነበር። የሚስቲቱን ቃል እኔ አነባለሁ፣ የባለ ቁልፉን እሱ ይለዋል። "ካንቺ በፊት ቤት አልነበረኝም" ሲል ዓይኑ ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ እኔ ላይ ነበር። ቃሉን የጻፉት እርስዎ እንደ ሆኑ አውቃለሁ፤ ለማን እንደ ጻፉትም አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሰማሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ "በቤት የሚደረገው ልምምድ ስሜት ስለሚጎድለው ከሰኞ ጀምሮ በቢሮ ይሁን" የሚለው ማስታወቂያዎ መጣ። አሁን ከዚያችው አንገተ መቃ ጋር ይለማመዳል፤ የጣፈጠውን ቃል ሁሉ እዚያ ጨርሶ፣ ለእኔ "ደከመኝ" የምትለዋን ብቻ ይዞልኝ ይመጣል።

አራተኛ፤ ስሜት ካነሱ አይቀር፣ ባለ ቁልፉ ተከራይዋን መበለት ከነልጆቿ ከቤት ሲያስወጣ በእርስዎ ወረቀት ላይ የነበረው "እኔ ርኅራኄ አላውቅም! ሃ! ሃ! ሃ!" የሚል ነበር፤ "ሃ"ዎቹ ሦስት ናቸው፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። "ኧረ ሰውዬ፣ ክፉ ሰው እንዲህ አይስቅም" ያልኩት እኔ ነኝ። የማጠቢያ ቤታችን ባለቤት ነፍሰ ጡር የነበረችውን ባልደረባዬን ያሰናበታት ዕለት አልጮኸም፣ አልሳቀም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና "እኔ እኮ አላባረርኩሽም የኔ እህት፤ ቦታሽን ለሌላ ሰጠሁት እንጂ" አላት። የልጆቼ አባት ይህንኑ ከእኔ ሰምቶ በካሜራ ፊት ደገመው፤ ተመልካቹ አለቀሰ፤ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሰው ይለዋል፤ እርስዎም በቃለ መጠይቅዎ "ገላዬን ስታጠብ የመጣልኝ ነው" አሉ። እንኳን መጣልዎ! ወደ እርስዎ ሲመጣ በእኔ በኩል አልፎ ነው።

ልምምዱ ቢሮ ከገባ ወዲህ ደግሞ ባለ ቁልፉ ሥራው መጮኽና በር ማላተም ሆኗል። ግጭት ማለት ጩኸት መስሎዎት ከሆነ፣ ይህን ይስሙ፤ ባለፈው ሳምንት ያቺ አንገተ መቃ ተዋናይት መንገድ ላይ አግኝታኝ ጉንጬን ሳመችና "እትዬ፣ ባለቤትዎ እኮ ወርቅ ነው" አለችኝ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ሥራዋ ነው። እኔም ክፉ አይደለሁም፤ እሱ ግን ባሌ ነው። ፈገግ አልኩላት። ያቺን ፈገግታ የሚቀርጽ ቢገኝ ኖሮ ሦስት ክፍል ይወጣት ነበር።

እንግዲህ ስሜ ይጻፍልኝ አልልም፤ ባሌ በድራማው ውስጥ ደግ ይሁንልኝም አልልም፣ ቲማቲሙን ለምጄዋለሁ። ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ያለችውን የልምምድ ሰዓቴን ብቻ ይመልሱልኝ።

ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ አክባሪዎ፣

የባለ ቁልፉ ያልተቀረጸች ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ከመላኬ በፊት ለልጆቼ አባት ሰጥቼ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግሁ። ሁለተኛው ላይ ሳቀ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አስቀምጦ እኔን አየኝ። በአርባ ክፍል ድርሰትዎ አንድም ቀን እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም። ነገ ከቢሮው ልምምድ ቢቀር፣ ታሞ ይሆን ብለው አይሥጉ።