በቁና የተሰፈረ ሕመም

ሰኞ
ልጄ፣ መጀመሪያ ይህን እወቂ፤ እናትሽ በስልክ «ደህና ነኝ» የምትልሽ እውነት አይደለም። ከጡቷ የተነሣው ካንሰር አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ማዳን አይቻልም፣ ሕመሙን ማስታገስ ግን ይቻላል ብለውናል። እንዳልነግርሽ ለምናኛለች። የየቀኑን እጽፍልሻለሁ፤ መቼ እንደምልከው አላውቅም።

ዛሬ ነርሷ ሙሉ መጣች።
«እማማ፣ እንዴት ነዎት?»
«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»
«ሕመሙ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ይሆናል?»
«ኧረ ተመስገን ነው!»
ሙሉ «ሁለት» ብላ ጻፈች። መድኃኒቱም ባለበት ይቀጥል አለች። ገና ከደጅ ሳትወጣ እናትሽ ነጠላዋን ነክሳ ነበር።

ማክሰኞ
ለምን እንደደበቀች ጠየቅኋት። «ለጠየቀኝ ሁሉ ላማርር? ፈጣሪስ ምን ይለኛል?»
ለማስታገሻ የታዘዘላትን የሞርፊን ሽሮፕም ሲብስባት ብቻ ነው የምትወስደው። ሙሉ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይሰጥ ብላለች፤ ሕመሙ አንዴ ከነቃ መልሶ ማስተኛት ከባድ ነው።
ሕመም አካል ለአንጎል የሚልከው ማስጠንቀቂያ ነው እያልሁ ስንት ዓመት አስተማርሁ። ማስጠንቀቂያው ከደረሰ በኋላ ለምን ዝም እንደማይል አንድም ተማሪ አልጠየቀኝም።

ረቡዕ
ጠዋት ሕመሟን እኔው ጠየቅኋት። ቁጥሩን ተውሁት። ዕድሜዋን በዓርብ ገበያ እህል ስትሰፍር የኖረች ሴት ናት፤ ከትንሹ መስፈሪያ ወደ ትልቁ ቆጠርሁላት።
«እፍኝ ነው ጣሳ? ቁና ነው ዳውላ?»
ሳቀች። «መምህር፣ ሕመምም ይሰፈር ጀመር?»
ከዚያ ሳቋ ቆመ።
«ዳውላ ነው። ያውም ተጠቅጥቆ የሞላ።»
እናትሽ በመስፈሪያ ዋሽታ አታውቅም። ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ።

ሐሙስ
ለሙሉ ነገርኋት። ወዲያው ለሐኪሙ ደወለች፤ መጠኑ ከፍ እንዲል አዘዘ። ሆድ ስለሚያደርቅ ለዚያም ሌላ መድኃኒት ሰጠችን። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።
«እማማ፣ ዳውላውን ለምን ደበቁኝ?»
«አንቺ ደህንነቴንና ቁጥር ጠየቅሽኝ እንጂ መች ሸክሜን ጠየቅሽኝ?»
ሙሉ አቀረቀረች። አሁን ሽሮፑን በሰዓቱ እሰጣታለሁ። አትከራከረኝም።

ዓርብ
ገበያተኛው ከነአህያው በደጃችን ያልፋል። በሩን ክፈትልኝ አለች፤ ከፈትሁላት።
«ዛሬስ?» አልኋት።
«ጣሳ። ያውም ጎደሎ።»
ፀጉሯን አበጠርሁላት። የጤፉን ዋጋ ጠየቀችኝ። ቀጥላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ልጄ ብታየኝ ጥሩ ነበር» አለች። እንግዲህ ልንገራት ወይ ብላት ዝም አለች። እንደ ፈቃድ ቆጠርሁት።
መድኃኒቱ ያሳነሰው ሕመሙን ነው፤ በሽታው እንዳለ ነው። ጣሳው እስከ መቼ ጣሳ እንደሚሆን አላውቅም። ዛሬ ግን አእምሮዋ ንጹሕ ነው፤ ታወራለች፣ ትሰማለች።
እነዚህን ገጾች በስልክ አንስቼ አሁን እልክልሻለሁ። ስትደውዪ «እንዴት ነሽ?» አትበያት፤ «ዛሬስ ጣሳ ነው ዳውላ?» በያት። ትመጫለሽ ወይ? ቶሎ መልሽልኝ።