ልጅሽ ስለሚማረው የካርታ ጨዋታ

ለተወደድሽው እኅት ዓለሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የልዑል እግዚአብሔር ሰላም በቤትሽ ይደር። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ መውጣቱስ ቀለለሽ? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው ወይስ እንደ ልማዱ «ደህና ነኝ» እያለ ይሸሽግሻል? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ጤና ነኝ፤ ጸሎቴን ቆሜ አደርሳለሁና ለአምላክ ምስጋና ይግባው።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ልጅሽ ቁማር ጀመረ መባሉን ሰምተሽ እንቅልፍ እንዳጣሽ ነግረሽኝ፣ እኔም በግዝት እንዳስረው ለምነሻል። ያላየሁትን መኰነን ስለማልወድ፣ ነገሩን ከሥሩ መርምሬ እነሆ እጽፍልሻለሁ።

ጨዋታው ፖከር ይባላል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይሰጠዋል፤ ሌሎች ደግሞ በመካከል እየቆዩ ይገለጣሉ። የማይረባ የያዘው እንኳ ባለጸጋ መስሎ ሌላውን አስፈራርቶ ሊያስወጣ ይችላል። ልጅሽ ከሚሠራበት ልብስ ማጠቢያ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጓሮ ክፍሉ ነጻ ውድድር ያዘጋጃል፤ የሚወራረዱት በክብ ፕላስቲክ ነው። «አባባ፣ መጀመሪያ በነጻው እማራለሁ፤ ሲገባኝ ነው በገንዘብ የምቀመጠው» አለኝ ልጅሽ። ገንዘቡ ለማቀዝቀዣ ጥገና ትምህርት ብሎ በእንፋሎትና በካውያ መካከል ላቡን አፍስሶ ያጠራቀመው ነው። ሐሳቡ የዕብድ ሐሳብ አልመሰለኝም፤ እኔስ ዜማ ስማር በመምህሬ ፊት ስንት ጊዜ ተሰናክዬ፣ ስንት ጊዜ ተገሥጬ አይደል በማኅበር ፊት የቆምሁት?

ስለዚህ አብሬው ሄድሁ። አንድ ታክሲ ነጂ፣ «አባት፣ ቆሞ ማየት ያደክማል፤ ይልቅ ባርከው ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። የሚወራረዱት በገንዘብ ሳይሆን በፕላስቲክ ነውና ተቀመጥሁ። ምን እንደያዝሁ በቀልድ ሲጠይቀኝ፣ መዋሸት አልሆንልህ ብሎኝ፣ ንጉሥ የተሣለባቸው ሁለት ካርታዎች ናቸው አልሁት። «እኚህ ሽማግሌ ጉደኛ ናቸው፣ በጸሎት ፊታቸው ሊሸውዱን ነው» ብሎ ያለውን ሁሉ ገፋ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ስገልጠው እንዳልሁት ሆነ፤ ፕላስቲኩ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። እኔም ሣቅሁ፤ አልሸሽግሽም። ነገር ግን የሰዎቹን ግድ የለሽ ፊት ሳይ አሳዘነኝ፤ የተሸነፈው ሁሉ እጁን አራግፎ ሻይ አዘዘ። የማይቆጨውን የሚያጣ ሰው ስለ ራሱ ምን ይማራል?

በመንገድ ላይ ለልጅሽ አንድ ነገር አቀረብሁለት። በሚመጣው ቅዳሜ እዚያው በነጻው ይቀመጥ፤ ቢሸነፍ ግን የገንዘቡ ጨዋታ የሚያስከፍለውን ያህል ከኪሱ አውጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ባለው የድሆች ሣጥን ይጣል። «ታዲያ ምን ገዶኝ፣ ጽድቅም አተርፋለሁ» ብሎ ሣቀ።

እኅቴ፣ ያን ቅዳሜ ልጅሽ ሌላ ሰው ነበር። ፕላስቲኩን ሲያነሣ እጁ ተንቀጠቀጠ። በፊት በድፍረት የሚጫወትበትን መልካም ካርታ እየፈራ ጣለ፤ ጥቂት ሲያጣ ደግሞ በእልህ የማይረባውን ይዞ ገፋ። ታክሲ ነጂው፣ «ዛሬ ምን ነካህ ወንድሜ፣ ሳንነካህ እኮ ነው የምትወድቀው» አለው። ፕላስቲኩን ጨርሶ ከሁሉ በፊት ተነሣ። ወደ ቤት ስንመለስ ሣጥኑ ዘንድ ቆሞ፣ ሳልጠይቀው ገንዘቡን ጣለ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባባ፣ ካርታውን እንጂ ራሴን አልተማርሁም ለካ» አለኝ።

ሰኞ ዕለት የትምህርቱን ክፍያ ከፈለ። ጨዋታውን ግን አልተወም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻው ይቀመጣል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ እንዳለ አውቃለሁና ለነገው ዋስ አልሆንልሽም። ግዝቱን ግን አልጣልሁበትም፤ በቍጣ የታሰረ ልጅ ማሰሪያውን የበጠሰ ዕለት በኃጢአቱ ላይ ኃጢአት ይጨምራል፤ ከእኔም ይሸሸጋል። አሁን ሲወድቅም ሲነሣም ይነግረኛል። ይህን ተቀበይኝ።

ይህችን ደብዳቤ ሳላሽጋት እንዲያነባት ሰጠሁት። እጁ ተንቀጠቀጠ ያልሁበትን እንድሰርዝለት ለመነኝ። ብዕሬን ሳነሣ ግን መልሶ ያዘኝና፣ «ተወው አባባ፣ እናቴ ትወቀው» አለ።

ለባለቤትሽ፣ ለታላቋ ልጅሽና ለባሏ፣ ለመንትዮቹ፣ ለአማትሽም ሰላምታዬን በየስማቸው አድርሺልኝ። ጸሎታችሁ አይለየን።

ወንድምሽ፤
ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለው ክፍላችን፣
ኅዳር ፲፫ ቀን ተጻፈ።