የበርበሬው መጋዘን ልጆች

ቡታጅራ
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልሚያ
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም የኔ ልጅ። ጤናሽ እንዴት ነው? እጅሽን የሚያሳክክሽ ተሻለሽ ወይ? በረኪና በባዶ እጅሽ አትንኪ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴ በቀር።

በስልክ ድምፅሽን ስሰማ አለቅሳለሁ፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ዛሬ የምነግርሽ ግን የሚያስለቅስ አይደለም። ለዑምራ ለምትሄደው ጎረቤታችን ልሰጣት ብዬ መጻፍ ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ወንድምሽ ዑመይር ልጆች የሚያጫውትበትን መጋዘን በስልክ አሳይቶሽ ነበር፤ ከአጥራችን ጀርባ ያለው፣ ድሮ በርበሬ የሚከማችበት። በክረምት የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጭቃ ሲሆንበት የመጋዘኑን ባለቤት ለምኖ ነው ያስፈቀደው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹ መሮጥ ሲጀምሩ ወለሉ ላይ የቀረው የበርበሬ ብናኝ ተነሣና አርባ ልጅ በአንድ ላይ ማስነጠስ ያዘ። እሱ ደግሞ፣ «ጎሽ! ማሟሟቂያውን ጨርሳችኋል» አላቸው። እኔ በአጥሩ እየሰማሁ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈሩ በጩኸት ይሞላ ነበር። ገመድ ይጓተታሉ፣ ጆንያ ውስጥ ገብተው ይዘላሉ፣ መረብ ወጥረው ኳስ ይመታሉ። ከሁሉ የሚወዱት ግን ኳስ እየወረወሩ የሚመታቱበትን ነው፤ የተመታ ይወጣል።

የዑመይርን ጀናዛ ከአታት ሆስፒታል ይዘን ከተመለስን በኋላ ከመጋዘኑ ድምፅ ጠፋ። ስምንት ወር ሙሉ። ቅዳሜ ሲሆን አጥሩ ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ምንም የለም። ልጆቹ ረሱት ብዬ ተቀየምኩ። የቡድኑ አለቃ ሆሳዕና፣ ያቺ ረጅሟ፣ መንገድ ላይ ሰላም ስትለኝ ፊቴን አዞርኩባት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ኳሶቹንና ገመዱን አውጥቼ ለሌላ ሰው ልስጥ ብዬ የሱን ቁልፍ ይዤ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ልጆቹ በሙሉ እዚያው አሉ። እየተጫወቱ ነው።

ሰልሚያ፣ ድምፅ የላቸውም። ጫማቸውን አውልቀው በር ላይ ደርድረውታል። ኳሱ ሲነጥር እንዳይሰማ አየሩን ቀንሰውለታል። ትንንሾቹ በአንድ ጥግ ክብ ሠርተው መሐረቤን ያያችሁ ይጫወታሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃል አይወጣቸውም። አንዲት ሕፃን ኳስ ጀርባዋን ሲመታት ሳቋን በሁለት እጇ አፍና ወጣች።

ሲያዩኝ ሁሉም ባሉበት ደረቁ። ሆሳዕና ሮጣ መጣች።

«እማማ ሳሌሃ፣ ይቅርታ። ተሰማዎት እንዴ?»

«ምኑ?»

«ድምፃችን።»

የመጋዘኑ ጥበቃ ጋሽ ከድሮ ከበሩ ሥር ተነሣ። «እኔ ነኝ የከለከልኳቸው» አለ። «በዲናችን ለልጅ የሚታዘነው ሦስት ቀን መሆኑን አላጣሁትም። ግን ሐዘንተኛዋ ራሷ ሳትፈቅድ በአጥሯ ሥር ማን አፉን ሞልቶ ይስቃል?»

«እኔ እኮ የረሳችሁት መስሎኝ ነበር» አልኩ።

ለካ እነሱ የኔን ቃል ይጠብቃሉ፣ እኔ የነሱን ድምፅ እጠብቃለሁ። ከዚያ ሆሳዕና የከፋውን ነገረችኝ። ዑመይር ለኅዳር ወር የወልቂጤ ልጆችን ከነእናቶቻቸው ለጨዋታ ጠርቷቸው ነበር። የኛዎቹ ልጆች ግን «ሐዘን ላይ ነን፣ አትምጡ» ብለው ሊደውሉላቸው ነው። ባለቤቱ ደግሞ፣ የጨዋታው ቀን ከቀረ መጋዘኑን መልሶ በርበሬ ሊያስገባበት ነው።

ኳሱን አንሥቼ ሰጠኋት። «ንፊው» አልኳት። «እስኪጠጥር ንፊው።»

ተነፋ። ጨዋታው ተጀመረ፤ ማንም ግን ለመጮህ አልደፈረም። ሁሉም በጎን በጎን ያዩኛል። በመጨረሻ ያቺ ሕፃን ኳሱን ስታገኝ፣ አላስቻለኝም፣ «በይው! በይው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት ጅዳ ሳትሰሚው አትቀሪም።

ባለፈው እሁድ ወልቂጤዎች በሁለት መኪና መጡ። በጆንያው ዝላይ አሸነፉን። በኳስ መመታታቱ ሆሳዕና ብቻዋን ቀርታ አራቱን አስወጣቻቸው። ዑመይር ያሠለጠናት መሆኗ ያስታውቃል፤ እንደሱ ከመወርወሯ በፊት ወደ ሌላ ታያለች።

ከዚያ የእናቶች ገመድ ተባለ። እኛ አንድ ሰው ጎደለን። ሁሉም እኔን እንዳያዩ ወለሉን ያያሉ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሠርኩና የገመዱን ጫፍ ያዝኩ። ከወዲያ አንዷ ወፍራም፣

«የቡታጅራ በርበሬ ነጋዴ ሚዛን ትይዝ እንደሆን እንጂ ገመድ አትችልም!» አለች።

«እንግዲያው ነይ፣ ልመዝንሽ!» አልኳት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የመጀመሪያውን ወሰዱ፣ ሁለተኛውን ወሰድን። በሦስተኛው ግን ስንት ዓመት እንሰት የፋቀ ክንድ ከሁለቱም ወገን ነበርና ገመዱ ንቅንቅ አልል አለ። ጋሽ ከድሮ «ለዑመይር! ለዑመይር!» ሲል እኛ ሳንሆን ወልቂጤዎቹ ሳቅና ለቅሶ ቀላቅለው ለቀቁት። ሁላችንም በጀርባችን ወደቅን። ያቺ ወፍራሟ መጥታ አነሣችኝና አቅፋ ሳመችኝ። «የኔንም ልጅ አሠልጥኖት ነበር» አለችኝ። ልጄ ወልቂጤ ድረስ ይታወቃል፣ ሰልሚያ። እኔ እናቱ ሳላውቅ።

ስንለያይ ሆሳዕና፣ «ጋሽ ዑመይር መረብ ኳስ ያስተማረችኝ እህቴ ናት ይለን ነበር፤ እውነት ነው?» አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። ኳሱን በሁለት ክንድሽ ከመሬት ቀልበሽ እንደምታወጪው፣ ከመረቡ በላይ እንደምትዘዪ ነገርኳት። «ሴት ልጅ ሰው ፊት አትዘልም» ብዬ ከትምህርት ቤቱ ቡድን ያስወጣሁሽን አልነገርኳትም። ያኔ ማሊያውን እንድትመልሺ ስልክሽ እሱ እጅሽን ይዞ አብሮሽ ሄዶ ነበር። እሁድ እኔው ስንት መቶ ሰው ፊት በጀርባዬ ስንከባለል ይኸው ነው የታየኝ።

የመጋዘኑ ባለቤት ሁሉንም ቆሞ አይቶ ኖሮ ትናንት ወረቀት አመጣ። መጋዘኑ ለልጆቹ ይቆያል፤ ነገር ግን በስማቸው የሚፈርም አዋቂ ይፈልጋል። «ኃላፊ» በሚለው ላይ እኔ ፈረምኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ሙሉ ስሜን። ከሱ በታች «አሠልጣኝ» የሚል መስመር አለ። ሆሳዕና እስክሪብቶውን ይዛ፣

«እዚህ ማንን እንጻፍ?» አለች።

«ለጊዜው ባዶ ይሁን» አልኳት።

አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሸሽግሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ መንገድሽን ሁሉ ክፍት ያድርግልሽ። የበሩ ቁልፍ እኔ ጋ ነው።

እናትሽ
ሳሌሃ